ከኮሪደሩ ጥግ ለልጆች ትንሽ አፈር ይተውልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥዕል መምህርት ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ስለ ኮሪደር ልማቱ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የማነበው ስለ መንገዱ ስፋት፣ ስለ መብራቱ፣ ከቦታው ስለተነሱ ሰዎች ነው። ሁሉም ሊጻፍበት የሚገባ ነው። ዛሬ የምጽፈው ግን ብዙም ስላልተነሳ ጉዳይ ነው። ልጆች እነዚህ አዳዲስ አደባባዮችና የእግረኛ መንገዶች ላይ ሲደርሱ ምን ይጫወታሉ?

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላድርስ። በእግር መሄድ እወዳለሁ። ሥራው በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ መኪና ሳልፈራ፣ ጉድጓድ ሳልዘል የምራመድበት መንገድ አግኝቻለሁ። ማታ ማታ ቤተሰብ ከነልጆቹ ወጥቶ ሲንሸራሸር ማየት ደስ ይላል። ከዚያ በፊትም የአንድነት ፓርክ በ2012፣ የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ተከፍተዋል። ከተማ መናፈሻ ያስፈልገዋል የሚለው ሐሳብ ዛሬ ማንንም አያከራክርም። እኔ በልጅነቴ ይህን አላየሁም።

ቅሬታዬ የሚመጣው ከልጆቹ በኩል ነው። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን ሥዕል ላሠራ ወደ አንድ አዲስ አደባባይ ወሰድኳቸው። የቦታውን ስም አልጠራም። ወረቀትና እርሳሳቸውን ይዘው አረፍ እንዳሉ፣ አንዱ ልጅ የአበባው መደብ ዙሪያ ያለችው አጭር ግንብ ላይ ወጣ። እጆቹን ዘርግቶ፣ ሚዛኑን እየጠበቀ መራመድ ጀመረ። ጥበቃው ፊሽካ ነፋ። «አንተ፣ ውረድ! ሣሩንም አትርገጥ!» ልጁ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ አንዷ ፏፏቴው ውስጥ እጇን ነከረች። አሁንም ፊሽካ። ሁለት ሴቶች ልጆች መሬት ላይ የወደቀ አበባ ለቅመው በመጠን ሲደረድሩ ነበር፤ እነሱም ተነሱ ተባሉ። ሄጄ አነጋገርኩት። «ቲቸር፣ አበባው ሲሰበር የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለኝ። እውነቱን ነው። ቦታው ሲነደፍ የሚታይ ነገር እንጂ የሚነካ ነገር አልታሰበበትም። ስለዚህ የሰውየው ሥራ ልጅ ማባረር ሆነ።

መጫወቻ ጭራሽ የለም አልልም። ሽርተቴና ዥዋዥዌ የተተከለባቸው ቦታዎች አሉ፤ ወረፋውም ረጅም ነው። ግን ሽርተቴ የሚያስደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ትወጣለህ፣ ትንሸራተታለህ። የስድስት ዓመት ልጅ ጥቂት ዙር ከሄደ በኋላ ይሰለቸዋል። ከዚያ በተቃራኒው ሽቅብ መውጣት ይጀምራል። ልጁ አልጠገበም፤ ያለቀው መጫወቻው ነው።

ክፍል ውስጥ «የምትጫወቱበትን ቦታ ሳሉ» ብዬ አዝዣቸው ነበር። ሽርተቴ የሳሉት ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹ ምን ሳሉ መሰላችሁ? ለግንባታ የተራገፈ የአሸዋ ክምር። የብሎክ ደረጃ። ከኋላው የሚደበቁበት የቆመ መኪና። ዝናብ ካባራ በኋላ በቱቦው ጠርዝ የሚወርድ ውኃ፣ በጭቃና በድንጋይ ተገድቦ። አንዱ ልጅ በግድቡ ላይ ባንዲራ ሰክቶ «ሕዳሴ» ብሎ ጽፎበታል። ያንን ሥዕል እስካሁን አስቀምጬዋለሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት ዴንማርክ ውስጥ አንድ የመናፈሻ ነዳፊ ያስተዋለው ይህንኑ ነው። ካርል ቴዎዶር ሶረንሰን ይባላል። የሠራቸውን ቆንጆ የመጫወቻ ቦታዎች ትተው ልጆች ግንባታ ቦታ ሄደው በጣውላና በጡብ ሲጫወቱ አየ። እሱም ልጆቹን አልተቆጣም። እ.ኤ.አ. በ1943፣ አገሩ በጀርመን ወረራ ሥር እያለች፣ ኮፐንሃገን ውስጥ ኤምድሩፕ በሚባል ሠፈር ጣውላ፣ ጡብ፣ አሮጌ ዕቃና መሬት ብቻ ያለበት መጫወቻ ተከፈተ። ልጆቹ የራሳቸውን ጎጆ ሠሩ። ሐሳቡ ከዚያ ወደ እንግሊዝና ወደ ሌሎች አገሮች ሄደ።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን የአምስተርዳምን ታሪክ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማው ተጎሳቁሎ ነበር፤ በየቤቱ መካከል ባዶ መሬት ሞልቷል። አልዶ ቫን አይክ የሚባል ወጣት አርክቴክት ለከተማው ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 በርተልማንፕላይን የምትባል ትንሽ አደባባይ ላይ የመጀመሪያውን መጫወቻ ሠራ። የአሸዋ ገንዳ፣ ጥቂት ክብ ድንጋዮች፣ የሚንጠለጠሉበት ብረት፣ ዙሪያውን ዛፍና መቀመጫ። ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ድንጋዩ እንደ አንበሳ ወይም እንደ አውሮፕላን አልተቀረጸም። ምን እንደሚሆን የሚወስነው ልጁ ነው። ቀጥሎ የሆነው ደግሞ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አደፋፍሮኛል። የሌላ ሠፈር ነዋሪዎች ያንን አይተው «ለእኛም ሠፈር ይሠራልን» ብለው ለከተማው ደብዳቤ ጻፉ። እ.ኤ.አ. እስከ 1978 ድረስ ከ700 በላይ ተሠሩ። ባብዛኛው ማንም በማይፈልገው ቁራሽ መሬት ላይ።

ይህ የፈረንጅ ነገር ነው የሚለኝ ካለ መካኒሳ ይሂድ። ዞማ ሙዚየምን ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰጉ ሠርተው በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ከፍተውታል። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ አያቶቻችን ቤት የሠሩበት ያው የጭቃ አሠራር። ኤልያስ ግን ግድግዳውን በእጅ እያለሰለሰና እየቀረጸ የሚዳሰስ ሥዕል አድርጎታል። ተማሪዎቼ እዚያ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት እጃቸውን ግድግዳው ላይ ማሳረፍ ነው። ጣታቸው መስመሩን ተከትሎ ይሄዳል። የአትክልት ቦታ አለ፣ ከብት አለ፣ ውኃ የሚሄድበት ቦይ አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤትም አለ። ሥዕል የት አበቃ፣ አትክልቱ የት ጀመረ ብትሉ መለየት ያስቸግራል። ይህን ያሰቡት የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ያሠሩትም በእኛው ጭቃ፣ በእኛው ግንበኛ ነው። ስለዚህ ለአደባባዮቻችን አርአያ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ የለብንም።

አሁን ስለ ራሳችን ግቢ ልንገራችሁ። በብሎኮቹ መካከል ለጋራ ተብሎ የተተወ መሬት ነበር። ቀስ በቀስ መኪና ማቆሚያ ሆነ። ልጆች ኳስ ሲጫወቱ መስታወት ይሰበራል፣ ከዚያ ጠብ ነው። ጥቂት ወላጆች ተሰባስበን ኮሚቴውን ጠየቅን። ሙሉውን አልሰጡንም፤ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ መኪና የማይገባበትን ጥግ ሰጡን። ለእኛ በቂ ነበር።

በአካባቢው መንገድ ሲቆፈር የተገነደሰ ጥድ ነበረ። ግንዱን ለምነን አመጣነው። ቅርፊቱ ተላጠ፣ ሹል ቅርንጫፎቹ ተቆረጡ፣ ግማሹ መሬት ውስጥ ተቀበረ፣ እንዳይንከባለል። ከሥሩ ወፍራም አሸዋ ፈሰሰ። ሌላ ጥግ ላይ ጥቁር አፈርና አንድ የውኃ ቧንቧ። ኮብልስቶን ጠራቢ የሆነ ጎረቤታችን ከሥራ የተረፈ ሰፊ ጥቁር ድንጋይ አምጥቶ ገበጣ ቀረጸበት፤ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ። ከጎኑ ሁለት ዱካ ድንጋይ። ከዚያ ልጆቹ የታንከሩን ግንብ ቀቡት። ንድፉን ያወጡት እነሱ ናቸው፤ እኔ ቀለሙን ብቻ በጠበጥኩ። ሰኞ ማክሰኞውን ደግሞ በኖራ ሳይሆን ጠጠር ለቅመው መሬቱ ላይ አሰመሩት። ዝናብ አያጠፋውም።

ምን ሆነ? ጥዱ አንድ ሰሞን ፈረስ፣ አንድ ሰሞን ኮንትራት ታክሲ፣ አንድ ሰሞን እስር ቤት ነበር። አፈሩ ላይ እቃቃ ይጫወታሉ፤ ወንዶቹም ጭምር። ገበጣውን ጡረተኞቹ ወሰዱት። መጀመሪያ ልጆቹ ቅር አላቸው፤ በኋላ ግን አጠገባቸው ቆመው ማየት ጀመሩ። አሁን ጋሽ የምንላቸው አንድ አዛውንት ለሚመጣ ልጅ ሁሉ ያስተምራሉ። ከዚያ በፊት እኚህን ሰው ከበረንዳቸው በቀር ያየናቸው የለንም። ሌላው እናቶች ናቸው። ልጅ እያዩ ለመቀመጥ የመጡት እዚያው ቡና ማፍላት ጀመሩ። የልጆች ቦታ ብለን የጠየቅነው ለሁሉም ሆነ።

ችግርም አለ። አሸዋው ይበተናል። ድመት ይጸዳዳበታል፤ ስለዚህ ማታ ማታ ሸራ እናለብሰዋለን፣ ይህን የምናደርገው በተራ ነው። ውኃውን ከፍቶት የሚሄድ ልጅ አይጠፋም። ቧንቧውን ስትጫን ብቻ የሚፈስ አድርገን ለወጥነው። አንዲት እናት «ልጄ ወድቆ ቢሰበር ማን ሊጠየቅ ነው?» ብላ በስብሰባ ላይ ጠይቃ ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግንዱ ከልጆቹ ወገብ አይበልጥም፤ ከሥሩ ያለው አሸዋ ነው። ጉልበት ይላጣል። ከሲሚንቶ ደረጃ ላይ ከመውደቅ ግን በጣም ይሻላል። ልጅ ደግሞ ትንሽ አደጋን እየለካ ካላደገ ትልቁን አደጋ መለካት አይችልም። እዚያ ግንድ ላይ ትንንሾቹ እንዴት በጥንቃቄ እንደሚወጡ ያየ ይህን ያምነኛል።

ስለ አፈሩ ንጽሕናም ይጠየቃል። ፊንላንድ ውስጥ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት አለ። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች የሚውሉባቸው ግቢዎች ጠጠርና ምንጣፍ ብቻ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ ከጫካ የመጣ አፈር፣ ሣርና ተክል አስገቡላቸው። ልጆቹ በ28 ቀናት ውስጥ ቆዳቸው ላይ ያለው የባክቴሪያ ዓይነት በዛ፤ በደማቸው ውስጥም የሰውነት መከላከያቸው እንደተሻሻለ የሚያሳይ ምልክት ተገኘ። ጥናቱ በጥቂት ልጆች ላይ የተሠራ ነው፤ ሁሉንም ነገር ያረጋግጣል አልልም። ደግሞ የእኛ ከተማ አፈር ሁሉ የጫካ አፈር አይደለም። ወንዞቻችን የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ሲወርድባቸው ኖረዋል፤ ልጅን ወደ ወንዝ ዳር አፈር መልቀቅ ፈጽሞ አልመክርም። ለመጫወቻ ንጹሕ አፈር ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት፣ የቧንቧ ውኃም። የወንዝ ዳር ልማቱ ወንዞቹን ማጽዳት ሲችል፣ ልጅ እግሩን ነክሮ የሚቀመጥበት ቀን እንዲመጣ እመኛለሁ።

የተክሉ ምርጫ ደግሞ ያሳስበኛል። በየመንገዱ ዘንባባ ተተክሏል። ያምራል። ነገር ግን ልጅ አይወጣበትም፣ ጥላውም ትንሽ ነው። ዋንዛ ቢተከል እኮ ነጭ አበባው መሬት ያለብሳል፣ ፍሬው ይበላል። ወይራና ጥድ ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋሉ። ቀርከሃ ቶሎ ይደርሳል፤ ጥቅጥቅ አድርጎ ተክሎ ውስጡን መተላለፊያ ማድረግ ይቻላል፣ ድብብቆሽ የሚያውቅ ልጅ ቀሪውን ይጨርሳል። ጥላ ያለበት እርጥብ ጥግ ላይ እንሶስላ ይተከል። ሥሩን ወቅጠው እጃቸውን የሚያቀሉበት ተክል መሆኑን ተማሪዎቼ አያውቁም ነበር። ሳሳያቸው ክፍሉ ተረበሸ።

እንቁጣጣሽ ላይ ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ እያሉ ይዞራሉ። አደዩንና እርጥብ ሣሩን አሁን ከገበያ ነው የሚገዙት፤ የሚለቅሙበት ሜዳ የለም። ወንዶቹ ደግሞ በዋዜማው የሳሉትን አበባና መልአክ በየቤቱ ያድላሉ። ከዚህ የበለጠ ተፈጥሮንና ሥዕልን በአንድ ጨዋታ ያገናኘ ነገር የት አለ? እንደ ሥዕል መምህርት በዓመት ውስጥ በጣም የምደሰትበት ቀን ነው። ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሐሳብ አለኝ። በየክፍለ ከተማው አንድ ተዳፋት መሬት በሣር ምንጣፍ ከመሸፈን ይተውና አደይ ይዘራበት። አንዴ ከያዘ በየዓመቱ ራሱን ይዘራል። መስከረም ሲጠባ ልጆች ገብተው እንዲለቅሙ ይፈቀድ። አጠገቡ ባለው አጥር ወይም ግንብ ላይ ደግሞ የልጆቹ የእንቁጣጣሽ ሥዕሎች ይሰቀሉ። አንድ ሳምንት ቢቆይ ይበቃል።

ስለ ቀራጺዎቻችንም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። አለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ሠዓሊና ቀራጺ ያስመርቃል። ከእነዚህ ልጆች ስንቶቹ የኮሪደር ሥራ ላይ ተጠርተዋል? ሐውልት ሲታሰብ ከፍ ባለ መሠረት ላይ የሚቆም፣ ዙሪያው በሰንሰለት የታጠረ ይታሰባል። ለጀግኖቻችን እንደዚያ ይሁን። ለልጆች ግን የሚታቀፍ፣ የሚወጣበት፣ ውስጡ የሚገባበት ቅርጽ ያስፈልጋል። ጃፓናዊ አሜሪካዊው ቀራጺ ኢሳሙ ኖጉቺ ይህን እ.ኤ.አ. በ1933 አስቦት ነበር። ልጆች የሚወጡበትና የሚንሸራተቱበት «የጨዋታ ተራራ» ለኒው ዮርክ ነድፎ አቀረበ፤ አልተቀበሉትም። ሐሳቡን ዕድሜውን ሙሉ አልተወውም። ሳፖሮ የምትባል የጃፓን ከተማ ቆሻሻ ይጣልበት በነበረ መሬት ላይ መናፈሻ እንዲነድፍ ጠየቀችው፤ ነድፎ በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1988 አረፈ። መናፈሻው እ.ኤ.አ. በ2005 ተጠናቀቀ። የጨዋታው ተራራም 30 ሜትር ከፍታ ይዞ እዚያ ቆሟል። የእኛዎቹ ወጣቶች ግን ይህን ያህል መጠበቅ የለባቸውም። ከሽቦና ከቆርኪ መኪና የሠሩ እጆች ናቸው፤ የልጅን ጨዋታ ከማንም በላይ ያውቁታል።

ጨዋታ ቅንጦት ነው፣ ቤትና ዳቦ ይቅደም የሚሉ አሉ። ቤትም ዳቦም እንደሚቀድም አውቃለሁ፤ የማስተምራቸው ልጆች ቁርስ ሳይበሉ የሚመጡባቸው ቀናት አሉ። የጠየቅነው ነገር ግን ወጪው ከአንድ ፏፏቴ ጋር አይወዳደርም። መግቢያ የሚያስከፍሉት ትልልቅ መናፈሻዎች ሦስት ልጅ ላላት እናት ከታክሲው ጋር ሲደመር ከባድ ናቸው። ከቤቷ በእግር የሚደረስ የአፈርና የእንጨት ጥግ ግን በነጻ ነው። የልጅ የመጫወት መብት ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ላይ ተጽፏል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃዋለች።

ከተማው ለጨዋታ ልቡን መክፈት እንደሚችል አይተናል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር፣ መኪና በቆመበት እሑድ ልጆች አስፋልቱን በሙሉ ወረሱት። ስኬት፣ ሩጫ፣ ገመድ ዝላይ፣ ኳስ። ማንም ዲዛይን አላደረገላቸውም። መንገዱ ተሰጣቸው፣ አወቁበት።

ስለዚህ ልመናዬ ለቀጣዩ ምዕራፍ ነዳፊዎች ነው። በእያንዳንዱ አዲስ አደባባይ ላይ ልጅ ያለ ፊሽካ የሚነካው አንድ ጥግ ይኑር፤ ግንድ፣ ድንጋይ፣ ንጹሕ አፈር፣ ትንሽ ውኃ፣ ከወጣት ቀራጺ እጅ የወጣ አንድ ቅርጽ። ጥበቃዎቹም ያ ጥግ የልጆች መሆኑ ይነገራቸው፤ ድንጋይ ተገለበጠ፣ አበባ ተቀጠፈ ተብለው እንዳይጠየቁ። በኮንዶሚኒየሞች ግቢ የጋራ ቦታው ለመኪና ከመከፋፈሉ በፊት የልጆቹ ድርሻ ይለይ። ንድፉ ከመጽደቁ በፊት ደግሞ በአካባቢው ያለ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች የሚፈልጉትን ይሳሉ። እኔ ከተማሪዎቼ ጋር ፈቃደኛ ነኝ፤ ሌሎች የሥዕል መምህራንም እንደማይቀሩ አውቃለሁ። ወረቀትና ቀለሙን እኛ እናቀርባለን። ሥዕሎቹን ተቀብሎ የሚያይ ቢሮ ካለ በጋዜጣችሁ በኩል ያሳውቀን፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ መጀመር እንችላለን።

ከአክብሮት ጋር
የሥዕል መምህርት፣ አዲስ አበባ